የወይዘሮ ብኸይታ ፊልሞች

ሲዲ የሚከራይበት ከተማ ሁሉ፣ የተበላሸ ፊልም አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት አንድ ደንበኛ ነበረው። ሌላው ሕዝብ ምስሉ ሲቆም ቴሌቪዥኑን መታ መታ አድርጎ፣ አማርሮ ይተኛል። ይህኛው ግን ሲዲውን ይዞ ይመጣል። ለአሶሳ የደረሷት ክብርት ወይዘሮ ብኸይታ ነበሩ።

ገበያው አጠገብ የህንድ ፊልም የሚያከራየው የሻው ከሩቅ በአረማመዳቸው ያውቃቸዋል። ሰላምታቸውም አንድ ነው፦

«የሻው፣ ዘፈኑ የት ሄደ?»

«እትዬ፣ ሲመጣም እንዲሁ ነው።»

«ልጅቷ ተራራ ላይ ወጣች፣ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ሠርግ! ወላሂ፣ መቼ ተዋደዱ?»

አንድ ጊዜ ከሲኒማ ቤት ተሰርቆ የተቀረጸ ፊልም ደረሳቸው። ከፊት የተቀመጠ ተመልካች ጭንቅላት የምስሉን ሩብ ሸፍኖታል። በማግሥቱ መጥተው፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው? ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም» አሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ግን ከምስሉ ሥር የሚወጣው የዐረብኛ ትርጉም ጽሑፍ ሲቆረጥ ነው። ዐረብኛውን ያስተማሯቸው ወደ ሱዳን ይነግዱ የነበሩት አባታቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ቤታቸው ሲሰበሰቡ፣ ጽሑፉን እያነበቡ ለጎረቤቶቻቸው በበርታኛ፣ በሰፈራ ከወሎ ለመጣችው ለውድነሽ ደግሞ በአማርኛ ይነግራሉ። ክፉው ሰውዬ ሲናገር ድምፃቸውን ያጎረንናሉ፤ ሙሽራዋ ስታለቅስ ያለቅሳሉ። ቅጂው ሲበላሽ በሰው ፊት የሚያፍሩት እንግዲህ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ስምንት ሴቶች አስከትለው ሱቁን ሞሉት። በተከራዩት ፊልም ውስጥ ዐይነ ስውሯ እናት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በሯን ያንኳኳውን ሰው ፊት በእጇ ስትዳስስ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የሻው ሲዲውን በሸሚዙ ጠርጎ ሞከረው። እናትየዋ እጇን ዘረጋች፤ ቆመ። እንደገና ጠረገው፤ አሁንም ቆመ።

«ልጇ ነው ወይስ አይደለም?» አሉ ወይዘሮ ብኸይታ። «እነዚህ ሴቶች እኔን ነው የሚጠይቁት። ምን ልበላቸው?»

ውድነሽ እንባዋን እየጠረገች፣ «ኧረ በማርያም፣ የሻው፣ አንድ ነገር በል!» አለችው።

የሻው ነጋዴውን ሁሉ ጠየቀ፤ መንጌ ለሚሄድ ለሸርቆሌም ለሚሄድ ሁሉ አደራ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ሙሉው ቅጂ ከባምባሲ ተገኘለትና ራሱ ቤታቸው ድረስ ወሰደው። ሰጥቶ ሊመለስ ነበር። «ቁጭ በል» አሉት፤ በሩ ሥር ተቀመጠ። እናትየዋ የልጇን ጠባሳ በጣቷ አገኘችው። ወይዘሮ ብኸይታ ጽሑፉን ማንበብ ጀምረው ድምፃቸው ተቆረጠ፤ ለሴቶቹ የተረጎመላቸው ሰው አልነበረም፤ አላስፈለገምም። የሻው ሴቶቹ እንዳያዩት ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ።

አሁን የሻው ስልክ ይጠግናል፣ ፊልምም በሚሞሪ ይጭናል። ምስሉ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ዘፈኑ አይጎድል፤ የህንዱ ሰው በአማርኛ ይናገራል። ሁሉም በየቤቱ የየራሱን ያያል። የሚያማርር ደንበኛም የለም። መጀመሪያ እፎይ ብሎ ነበር፤ ቆይቶ ሱቁ ጭር አለበት።

ባለፈው ክረምት ወይዘሮ ብኸይታ ስልካቸውን ሊያሠሩ መጡ። ዝናብ ያዛቸው። የሻው ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረና አንድ የህንድ ፊልም ከፈተ፤ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት ነው።

«እትዬ፣ ምን እያለ ነው?»

መነጽራቸውን አወጡ። «አባቷ ነው። ‹ይሄን ልጅ ካገባሽ ቤቴን አትረግጪም› ይላታል።» ድምፃቸውን ክፉኛ አጎረነኑ። ከዚያ ቆም ብለው በጥርጣሬ አዩት።

«ይሄ ፊልም በአማርኛ አለ ብላኛለች ውድነሽ። አንተ አላየኸውም?»

«አላየሁም» አለ የሻው፤ ሁለት ጊዜ አይቶታል። «ልጅቷ ምን ብላ መለሰችለት?»