አእምሮ እንዴት እንደሚወስን ላስተምር ሄጄ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ፈጥራ ነው» ትሉኛላችሁ። ፊቴ እስካሁን እንደጋለ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ሰሚራ እባላለሁ። ሐረር ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። ዛሬ ጠዋት ለተማሪዎችና ለወላጆች «አእምሯችን እንዴት ይወስናል?» የሚል ፕረዘንቴሽን ነበረኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። ማይኩ ይሠራል። እስከዚህ ሰላም ነው።

ዶፓሚን ስለሚባለው የአንጎል ኬሚካል አወራሁ፤ አንድን ነገር እንድንፈልገውና ተነስተን እንድንሄድለት እንዴት እንደሚገፋን። ከዚያ ወደምወደው ክፍል ገባሁ።

«ከባድ ውሳኔ ስናራዝም ጭንቀቱ ለጊዜው ቀለል ይለናል» አልኩ። «አእምሮ ያቺን እፎይታ እንደ ሽልማት ይቆጥራታል። ስለዚህ ነገም ያራዝማል።»

ሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ኮራሁ።

ጥያቄ ያለው ስል ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

አዴ ነፊሳ!

አዴ ነፊሳ ፈላና በር ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑ እናት ናቸው። ትንሿ ልጃቸው ተማሪዬ ናት። ትልቁ ልጃቸው ኢምራን ደግሞ እንድንጋባ ከጠየቀኝ ቆይቷል። እኔም በጠየቀኝ ቁጥር «ትንሽ ላስብበት» እለዋለሁ።

ልጁን እወደዋለሁ፤ ችግሩ እሱ አይደለም። እሺ ካልኩ ልሳሳት እችላለሁ። እያሰብኩ ከቆየሁ ግን ማንም ተሳሳትሽ አይለኝም። ምክንያቴ ይኸው ነው። ምንም ሳይንስ የለበትም።

አዴ ነፊሳ ማይኩን ተቀብለው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ማሻአላህ ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ አስረዳሽን» አሉ። «እና የኢምራንን ነገር የምታቆዪው ለዚችው እፎይታ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ውሳኔን ስለሚያመዛዝነው ፊተኛው የአንጎል ክፍል ላብራራ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ፣ አገባዋለሁ» የሚል ነው።

በማይክ!

አዴ ነፊሳ እልል አሉ። ወላጆች ተከተሏቸው። ስላይዶቼ ገና አላለቁም ነበር።

ኢምራን ራሱ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። አቦከር ሰፈር፣ ባጃጅ ውስጥ እንዳለ ነው ከሰው የሰማው። ወዲያው ደወለ።

«ላገባ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

እውነት ነው አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እኔም እዚያው መድረኩ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ባለሙያ ነኝ።

ዕቃዬን ስሰበስብ አንዷ ተማሪዬ መጣች። «ቲቸር፣ የመጨረሻው ክፍል ፈተና ላይ ይመጣል?»

ምን ልበላት? እናንተው ወስኑልኝ። እኔ የዛሬን ጨርሻለሁ።