እንቁላል የማይበላው አማች

በእኛ አገር ሰው ከማዕድ የሚታቀብበት የታወቀ ምክንያት ሦስት ነው፤ ፆም፣ ሕመምና ኩርፊያ። «አይስማማኝም» የሚል እንግዳ ከሦስቱ ወደ አንዱ እስኪመደብ ድረስ ዕረፍት የለውም። ለእኔ ግን የተለየ ምድብ ተከፈተልኝ፤ ዓይን አፋር።

እንቁላልና እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አንስማማም። ትንሽ ከቀመስኩ ከንፈሬ ያብጣል፣ ገላዬ ሽፍ ይላል፣ ጉሮሮዬ ይጠባል። ሐኪሞች አለርጂ ይሉታል። ደብረ ታቦር፣ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ሐሙሲት፣ አማቶቼ ቤት፣ ያውም ባገባሁ በመጀመሪያው ፋሲካ፣ ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጦ ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ለእናቷ ለእትዬ ውዴ አስቀድማ ነግራቸዋለች። ምን አለቻቸው? «እንቁላል አይበላም።» በቃ። እትዬ ውዴ ደግሞ አዲስ አማች እንደሚያፍር ያውቃሉ። አፍሮ ነው እንጂ፣ ያን ሁሉ ቀን ፆሞ እንቁላል እምቢ የሚል ክርስቲያን የት ይገኛል?

ጥሩወርቅ እንቁላሉ ሳይገባ ከወጡ ቀንሳልኝ ስለነበር፣ ለብቻዬ በሰላም እበላለሁ። በዚህ መሐል እትዬ ውዴ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ይዘው መጡ። ላዩ ሥጋ ነው። «በሞቴ!» አሉ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ያምራል ይባላል፤ ይህን የተረተው ሰው አለርጂ አልነበረበትም። የአማት ጉርሻ ይመለሳል? አፌን ከፈትኩ።

እንደዋጥኩ እትዬ ውዴ እልል አሉ። «ይኸው በላት! እንቁላሏን ፈርፍሬ ከሥጋው ሥር ደብቄ አጎረስኩት!» ብለው ለቤቱ ሁሉ አወጁ።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። የእኔው በፊቴ ላይ ሄደ፣ ያውም ሳይዘገይ። ከንፈሬ ተነፋ፣ ዓይኔ ተደፈነ፣ ትንፋሼ እንደ ፉጨት ቀጠነ። «ኧረ እማዬ፣ ምን አደረግሽ!» ብላ ጥሩወርቅ ጮኸች። አንዲት ጎረቤት ዓይን በልቶት ነው አሉ። አማቴ ጋሼ አያሌው ግን «ዓይኑን ተዉትና ባጃጅ ጥሩ!» ብለው ደግፈው አወጡኝ።

ጤና ጣቢያ በመርፌ ነፍሴን መለሱልኝ። መተንፈስ ስጀምር እትዬ ውዴ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው አልጋዬ ሥር ቆመዋል። «ልጄ፣ ለአማቿ እንቁላል ነፈገች እንዳልባል ብዬ እኮ ነው። ልገድልህ ነበር» ብለው እጄን ይዘው አለቀሱ። ላጽናናቸው ፈለግሁ፤ ግን ያ ከንፈር እንኳን ሊያጽናና መግጠምም አቅቶታል። እጃቸውን ጠበቅ አደረግሁ።

ከዚያ ወዲህ እንደ እትዬ ውዴ ያለ ጠበቃ የለኝም። ድግስ ቤት ስንጠራ ቀድመው ገብተው «እንቁላል የነካ ጭልፋ ወደ እሱ እንዳይጠጋ!» ይላሉ። በዓመቱ ለፋሲካ ስንሄድ ሰው ሁሉ ዶሮ ወጥ ቀረበለት፤ ለእኔ ሽሮ። ተሳስተው መስሎኝ፣ «እትዬ፣ ዶሮዋ እኮ ትስማማኛለች፤ እንቁላሏ ብቻ ናት» አልኳቸው።

በድንጋጤ አፋቸውን ያዙ።

«ተው ልጄ! ልጇ እንዲያ ያደረገችህን፣ እናቲቱን ምን ብዬ ልመናት?»