የወይዘሮ ማናልበሽ መጽሐፍ

መጽሐፍ አውሶ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የሮቤዋ ክብርት ወይዘሮ ማናልበሽ ናቸው፣ ልብስ ሰፊዋ።

የሚያውሱት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ከአባቷ ቤት ለመውጣት እግሯን ስለሚበላት አንዲት ልጃገረድ የሚያወራ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የድሮ ልብወለድ። ስልክ መጣ፣ የቱርክ ፊልም መጣ፣ የሮቤ ሴት ልጆች ግን ዛሬም ለዚህ መጽሐፍ ወረፋ ይይዛሉ። ወይዘሮ ማናልበሽ መርቀው ይሰጡና በማግስቱ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ፍለጋ ይወጣሉ። ሰላምታቸው ራሱ "አካም ጅርታ፣ መጽሐፌስ?" ሆኗል። ፈርዶሳን በኒካዋ ቀን ሙሽራ ሆና በተቀመጠችበት ጠይቀዋታል። እሷም ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠቻቸው።

አሁን መጽሐፉ በእጇ ያለው ዙሀይራ ግን መሸሽን መረጠች። ከጊኒር ሽማግሌ ተልኮባት አባቷ "ቅዳሜ መልስሽን" ብለዋታል። የመጽሐፉም ልጅ ለጋብቻ ተጠይቃ ገና አልመለሰችም። ምን እንደምትል ሳያውቁ እንዴት ይታደራል? ቤት እናቷ በየደቂቃው ይጠሯታል፣ ደጅ ወይዘሮዋ አሉ። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ጥግ ተወሽቃ ገጿን ገለጠች።

ሊነሱ ሲሉ በበሩ መጀመሪያ ሜትሩ፣ ቀጥሎ ወይዘሮ ማናልበሽ ገቡ።

"አካም ጅርታ፣ መጽሐፌስ?"

"በአላህ፣ እትዬ፣ ሠላሳ ገጽ ነው የቀረኝ።"

"ሁላችሁም እንዲሁ ነው የምትሉት። ተረኛዋ ሀዋኒ እየጠበቀች ነው።"

"ነገ ለአባቴ መልስ እሰጣለሁ።"

ወይዘሮዋ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ዙሀይራ መስመር እየዘለለችና ተመልሳ እያነበበች ቀጠለች። ጎባ ሲደርሱ አሥራ አንድ ገጽ ቀርቷት ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ።

"እኛ ወደ ሮቤ ተመላሾች ነን" አሉት ወይዘሮ ማናልበሽ ሾፌሩን።

"የጎባ ደንበኞችዎስ?" አለች ዙሀይራ።

"ይጠብቁ።" ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጣታቸው ላይ ይጠቀልሉ ጀመር። "እኔ ሽማግሌ ሲመጣብኝ እዚህችው ገጽ ላይ ነበርኩ። ሳልጨርሰው እሺ አልኩ። እንዲህ የምሯሯጠው ለእያንዳንዷ ሳይረፍድ እንዲደርሳት ብዬ ነው።"

ዙሀይራ ለሳምንት ስትሸሻቸው የቆየቻቸውን ሴትዮ አቅፋ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

"ኋላ ታለቅሻለሽ" አሏት። "አሁን አንብቢ።"