የእህቴን ሕመም ስተረጉም

እኛ ሀበሾች ከደረት በታች ያለውን ሕመም ሁሉ ጨጓራ ብለን የመጥራት ልማድ አለን። የማያምን ካለ ሲያትል ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ ይገኝና ቁርጥ የማይበሉትን ሰዎች ምክንያታቸውን ይጠይቅ። ሁሉም ጨጓራ ይላሉ፤ ጨጓራ የማይለው ጾም ላይ ያለው ብቻ ነው። ሐሞቱ ውስጥ ጠጠር ያለበትም ጨጓራ ይላል፣ አለቃው ያበሳጨውም ጨጓራዬን ላጠው ይላል። እኔ በበኩሌ ቅሬታ የለኝም። ጨጓራ የተከበረ ሕመም ነው፤ በሽማግሌ ፊትም ሆነ በማዕድ ላይ ያለ ሐፍረት ይነገራል። ችግር የሚመጣው ጨጓራ ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ሕመም በጨጓራ ስም መታከም ሲጀምር ነው።

ይህን የምላችሁ እንደ ሐኪም አይደለም። እንደ ጥፋተኛ ነው።

እህቴ ሰብለ በዲቪ መጥታ ሬኒየር ቢች እኔ ቤት ያረፈችው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ ቀደም ብዬ የመጣሁ፣ እንግሊዝኛዬ ባያኮራም የማያሳፍር፣ ለሰፈሩ ሰው ደብዳቤ የማነብና ስልክ የምደውል ሰው ነበርኩ። ሰብለ ብዙም ሳትቆይ ኦበርን ካለ የዕቃ መጋዘን ሥራ ገባች፤ ካርቶን ታሽጋለች። ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ብቻ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከአልጋ መነሳት ያቅታታል። ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ትራሱን ነክሳ ትተኛለች።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ በዕድሜም በምክርም ሁላችንንም የሚበልጡት፣ ሊጠይቋት መጥተው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ስትወልጂ ይለቅሻል።»

እጮኛ እንኳ ለሌላት ልጅ ይህ ረጅም ቀጠሮ ነው። ስለዚህ በራሴ መኪና፣ በራሴ እንግሊዝኛ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወጣትና ትሑት ሰው ነበር። የት እንደሚያማት ጠየቀ። ሰብለ እጇን ከእምብርቷ በታች አሳረፈች። «ስቶማክ» አልኩ። መቼ መቼ እንደሚያማት ጠየቀ። እህቴ ወለል ወለሉን እያየች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ያው... ወሩ ሲደርስ ነው ጋሼ። አበባዬ ሲመጣ» አለችኝ።

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። ታላቅ ወንድሟ ነኝ። እናታችን ይህን ነገር በእኔ ፊት በስሙ ጠርታው አታውቅም። እህቴም ይህን ያህል የተናገረችው ሕመሙ ስለበረታባት እንጂ ደፋር ሆና አልነበረም። የእንግሊዝኛ ስሙን አላውቀውም ነበር ብዬ እንዳልዋሻችሁ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል።

«ሳምታይምስ» አልኩት። አንዳንዴ።

ሐኪሙም አንዳንዴ ብሎ ጻፈ። በዚች ቃል ሦስት ዓመት ሄደ።

በሦስቱ ዓመት ውስጥ እህቴ ነጭ ሽሮፕ ጠጣች፣ እንክብል ዋጠች፣ ከበርበሬና ከቃሪያ ተለየች። በመጨረሻም በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው ጨጓራዋን ከውስጥ አዩት። ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ደስ ብሎት ነገረን፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተረጎምኩላት። ያለቀሰችው እሷ ብቻ ናት። እኔም ሰው ነኝና፣ ወደ ቤት ስንመለስ ያልሆነ ነገር ከአፌ አመለጠኝ። «ሰብለ፣ ምናልባት ሥራው ከብዶሽ ይሆን?» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሲያማት በሯን ዘግታ ነበር የምትተኛው።

በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሯ ወረቀት አስፈረማት። አንድ ቀን ደግመሽ ከቀረሽ አትምጪ ይላል ወረቀቱ፣ በጨዋ ቋንቋ። ወሩ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

«ክሊኒኩን ኮል አድርግልኝ» አለችኝ። «ሴት ሐኪም በላቸው።»

የቀጠሮው ቀን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አውርዳ፣ ጠቅልላ በብብቷ ያዘች። ለሐኪሟ ሥዕሉ ላይ ያለውን መልአክ ልታሳያት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ክፍሉ ውስጥ ስንገባ እኔ ጉሮሮዬን ሳልጠርግ ሰብለ ካላንደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ እያለ ይሄዳል፤ በየወሩ በቀይ እስክሪብቶ የተሠመሩ ትንንሽ መስቀሎች አሉ። እነዚያን መስቀሎች ዓመቱን ሙሉ ሻይ በጠጣሁ ቁጥር አይቻቸዋለሁ። የምታከብራቸው የቅዱሳን በዓላት መስለውኝ፣ እህቴ አሜሪካ መጥታ መንፈሳዊ ሆነች ብዬ በልቤ ኮርቼ ነበር።

ሐኪሟ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ፊደሉን አታነብም፤ ዓመተ ምሕረቱም ከእሷው ወደ ኋላ የቀረ ነው። ሣጥን መቁጠር ግን ትችላለች። ከመስቀል እስከ መስቀል በጣቷ ቆጠረች። ሃያ ስምንት። ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት። መጨረሻ ላይ አምስት ቀን ብቻ ያላት ወር ስታጋጥማት ቀና ብላ አየችኝ። «ትክክል ነው፣ ወር ናት» አልኳት። የዚያን ቀን የሰጠሁት የትርጉም አገልግሎት ይኸው ነው። ወዲያው በትሕትና ውጭ እንድቆይ ጠየቀችኝና በስልክ አንዲት ሴት አስተርጓሚ አስጠራች።

በእኔ ትርጉም አንድ ቀጠሮ አሥር ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ይህኛው አንድ ሰዓት ሞላ። ስለ ዓሣ ማጥመድ የተጻፈ መጽሔት ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሰብለ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች።

«ምን አለችሽ?»

«ጠየቀችኝ» አለች።

ሐኪሟ ለመጋዘኑ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሥራው ተረፈ። ከዚያ በእምብርቷ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብተው አዩላት። ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን ውስጥ የሚያለብሰውን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ፣ የማይገባው ቦታ ይበቅላል። በየወሩ እንደ ማህፀኑ ይደማል፤ መውጫ ግን የለውም። የእህቴ አንጀት ከማህፀኗ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። የቻሉትን አላቀቁ፣ የቻሉትን አቃጠሉ፤ ለቀሪው የወሊድ መከላከያ እንክብል ታዘዘላት። እሱን ከፋርማሲ እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ እትዬ ዘነበች እንዳያዩብኝ በጃኬቴ ሸፍኜ።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሰብለ ፈቅዳልኝ እኔም ገባሁ። ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት የለም ወይ ብላ በስልክ አስተርጓሚዋ በኩል አስጠየቀች። ሐኪሟ አላባበለቻትም። የለም፣ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል አለች። ከምን እንደሚነሳ እንኳ ገና በደንብ አይታወቅም፤ የተሻለ እየተፈለገ ነው፣ ፍለጋው ግን ዘግይቶ ነው የጀመረው፣ ሴቶቹ ለረጅም ጊዜ ቻሉት ሲባሉ ኖረዋልና። እዚሁ ተወልደው ያደጉትም ብዙዎቹ ስሙን እስኪሰሙ ዓመታት ይፈጅባቸዋል አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ስሰማ ጥፋቴ የቀለለልኝ መሰለኝ። መኪና ውስጥ እንደገባን ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣

«አየሽ ሰብለ» አልኳት፣ «በእንግሊዝኛ አፍ የፈቱትም ዘግይቶባቸዋል።»

ቀበቶዋን ስታስር ሆዷን እንዳይነካት በእጇ ራቅ አድርጋ ያዘችው።

«እነሱን ማን እንዳልሰማቸው አላውቅም፣ ጋሼ» አለችኝ። «እኔ ግን ለአንተ ነግሬህ ነበር።»

እውነቷን ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሐኪም የሚያስፈልገውን ሁሉ ነግራኝ ነበር። ሞተሩን አጠፋሁና ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ እንዲህ ስላት የመጀመሪያዬ ነው።

«ኦኬ» አለችኝ።

ይቅር አለችኝ፣ ወይስ እንሂድ ነው ያለችኝ? በራሴ መተርጎም ስለተውኩ፣ ቁልፉን አዙሬ ነዳሁ።