አቶ ሠረቀብርሃን ከዊተን ሲታዩ

የብሩህ ተስፋ መረዳጃ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2013
ቦታ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የማኅበሩ አዳራሽ
ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡00 ተጠርቶ በፓርኪንግ ምክንያት 10፡20 ተጀመረ።

የተገኙ፦ አቶ ሠረቀብርሃን (ሰብሳቢ)፣ አቶ አያሌው (መሥራች አባል)፣ ወ/ሮ ተናኘወርቅ (የሕሙማን ጉዳይ ተጠሪ)፣ አቶ ሲራክ (ጸሐፊ)። በአስረጂነት የተጋበዙ፦ ወ/ት ትህትና፣ የኮሌጅ የሥነ ፈለክ መምህርት። ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ "የማኅበራችን ከዋክብት" በተባለው ግድግዳ ላይ የአባላት ፎቶ ቅደም ተከተል

ሰብሳቢው ፎቶዎቹ እንደ ከዋክብት በድምቀት ደረጃ እንዲሰቀሉ ባለፈው መወሰኑን አስታውሰው፣ ለራሳቸው አንድ፣ ለወ/ሮ ተናኘወርቅ ስድስት ሰጥተው ጠዋት መስቀላቸውን አስታወቁ። አንድ ቁጥር መሃል ግድግዳው ላይ፣ ስድስት ቁጥር መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው።

ወ/ት ትህትና፣ ደማቅ ኮከብ ትንሽ ቁጥር እንደሚሰጠው፣ ስድስት በዓይን ለመታየት የመጨረሻው እንደሆነ፣ እጅግ የደመቁት ከዜሮም በታች እንደሚወርዱ አስረዱ። አቶ አያሌው ለመሥራች ከዘጠኝ ያነሰ አይገባም አሉ። ኔጌቲቭ አንድ ቢሆኑ የበለጠ እንደሚደምቁ ሲነገራቸው፣ "ልጄ፣ አክብሬ ብመጣ ከዜሮ በታች ታወርጂኛለሽ?" ማለታቸው ተመዝግቧል። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ዘጠኝ ለአቶ አያሌው ብቻ እንደ ደማቅ እንዲቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የወ/ሮ ተናኘወርቅ አቤቱታ

ወ/ሮ ተናኘወርቅ ከጀርመንታውን አርባ ደቂቃ እየነዱ ሕሙማንን ሐኪም ቤት ሲያመላልሱ ሰባት ዓመት እንደሞላቸው፣ እናታቸው ከጎንደር መጥተው በመጪው እሑድ አዳራሹን እንደሚያዩ፣ ልጃቸውን ሽንት ቤት በር ላይ እንዲያገኟት እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ሰብሳቢው፣ "እኔ ሁልጊዜ እዚህ ነኝ። አንቺ ስንቴ ታይተሻል?" አሉ። ወ/ሮ ተናኘወርቅ፣ "የእርስዎ ቤት ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው፤ በነጠላ ጫማ ነው የሚመጡት" ሲሉ መለሱ።

ወ/ት ትህትና፣ ቅርብ ያለ ደካማ ኮከብ ከሩቅ ብርቱ ኮከብ ደምቆ ሊታይ ስለሚችል፣ ሁሉም እኩል ርቀት ላይ እንዳሉ ተቆጥረው እንደሚወዳደሩ፣ በዚያ ርቀት ብትሆን ፀሐይ ራሷ አምስት ገደማ እንደምትሆን ገለጹ። በዚሁ መሠረት ሁሉም አባል በአዳራሹና በጀርመንታውን መካከል ባለው ዊተን እንደሚኖር ተቆጥሮ እንዲለካ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጸሐፊው የቆየ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ሰብሳቢው በ2009 ዊተን ሲኖሩ ከሃያ አራት ስብሰባ በአራቱ ብቻ መገኘታቸው ታየ። ምክንያታቸው "ትራፊክ" ተብሎ ተጽፏል። ስድስት ተሰጣቸው። ለወ/ሮ ተናኘወርቅ አንድ ተሰጠ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው፣ ሰውን በቁጥር መመደብ ከባህላችን ውጭ መሆኑን አሁን እንደተረዱ ገልጸው፣ ደረጃ የሚባለው ሁሉ እንዲቀር ጠየቁ። አቶ አያሌው፣ "መጀመሪያስ ማን ቁጥር አምጡ አላችሁ?" ብለው ደገፉ። ወ/ሮ ተናኘወርቅ ተቃወሙ። ጸሐፊው የሰብሳቢው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ተከራይ በመሆኑ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ጥያቄው ሁለት ለአንድ ጸደቀ።

ወ/ሮ ተናኘወርቅ ፎቷቸውን አውርደው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። "እናቴ እቤት ታየኛለች" ብለው ወጡ።

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ሚስማር መንቀል ግድግዳ ስለሚያበላሽ የቀሩት ፎቶዎች፣ መሃል ያለው የሰብሳቢው ጭምር፣ ባሉበት ይቆያሉ። በሩ አጠገብ የተረፈው ሚስማር የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ይንጠልጠልበት።

ስብሰባው 11፡45 ላይ ተበተነ።