የጋፋቱ ፉከራ በካፒቴኑ ሣጥን

ሰው ዕቃ ሲገዛ ሁለት ጊዜ ነው የሚደሰተው፤ አንዴ ሲገዛው፣ አንዴ ጎረቤቱ ሲያየው። የሙዚቃ ዕቃ የገዛ ሰው ግን ሦስተኛ ደስታ አለው፤ ጎረቤቱ መተኛት ሲያቅተው። ይኸው ከአጥሬ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ሰሞኑን ራዲዮውም፣ ሸክላ ማጫወቻውም፣ ካሴቱም በአንድ ሣጥን የታጨቀበት ዕቃ አስመጥቶ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ግራና ቀኝ እንደ ሚዜ አቁሞለታል። ስንት ዋት እንደሆነ በየቀኑ ይነግረኛል። ዋት ምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅ፣ እኔም አልጠይቅ።

«ጋሼ፣ ጥራቱን ሰሙልኝ?» ይለኛል በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ።

«ሰማሁ ልጄ፤ መስኮቴም ሰምቷል» እለዋለሁ።

ስለ ድምፅ ጥራት እኔን የሚያስተምረኝ እንደሌለ ግን አያውቅም። አታውቁም እናንተም። በአንድ የሙዚቃ ሣጥን ምክንያት አንገቴ ሁለት ጊዜ ለገመድ ታጭቶ ሁለት ጊዜ ተርፏል፤ አንዴ ከጣሊያን ገመድ፣ አንዴ ከወገን ገመድ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው፤ ቦታው ደብረ ታቦር። እኔ የጦር ሰፈሩ አስተርጓሚ ነበርኩ። አትሳደቡ፤ ስድቡን ያኔውኑ ሰምቼ ጨርሻለሁ። ከወረራው በፊት አስመራ ሄጄ ለአንድ ግንበኛ ሁለት ዓመት ጭቃ ሳቀብል የለቃቀምኳት ጣሊያንኛ ነበረችኝ፤ አሸዋ፣ ኖራ፣ ውሃ ጨምር፣ አንተ ደደብ። በዚህች ቋንቋ የአንድ አገር ጉዳይ ስተረጉም መክረሜን ሳስበው፣ ጣሊያን እኛን መግዛት ለምን እንዳቃተው የገባኝ ይመስለኛል። እንጀራ ነው ብዬ ገባሁበት፤ ከገባሁ በኋላ አፈርኩ፤ መውጫው ግን እንደ መግቢያው ሰፊ አልነበረም።

የጦር ሰፈሩ አዛዥ ካፒቴን ክፉ ሰው ነው እንዳልላችሁ ሙዚቃ ይወዳል፤ ደግ ሰው ነው እንዳልላችሁ ሰው ያሰቅላል። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ልቡ ርኅሩኅ ነው ሲሉኝ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አላምንም። አንድ ቀን ከጎንደር በኩል መኪና መጣለት። የታመሙ ወታደሮች ኋላ ከጎማና ከጆንያ ጋር ሲንገላቱ፣ ከሾፌሩ አጠገብ በሦስት ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሣጥን ተቀምጧል። ሲገለጥ የሚያብረቀርቅ እንጨት ነው፤ ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል። ከላይ ሸክላ ያጫውታል፤ መሀሉ ራዲዮ ነው፤ ከታች ድምፁን የሚያጎላ አፍ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ አንዲት መርፌ አለችው፤ ሰው ሲናገር ድምፁን ባዶ ሸክላ ላይ ትቀርጻለች። ኋላ ቤት ያለው ሞተር ሲነሣ ሣጥኑ ነፍስ ይዘራል። ካፒቴኑ በአንድ እጁ እንጨቱን እየወለወለ «በዚህ አገር እንዲህ ያለ የጠራ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም» አለኝ። አዎ አልኩት፤ አዎ ማለት የሥራዬ ግማሽ ነበር።

ብቻውን ቢሰማው ምን ነበረበት! የሙዚቃ ዕቃ ያለው ሰው ግን ያለ ሰሚ አያርፍም፤ ይኸው ጎረቤቴን እዩት። ካፒቴኑ ያገሩን መኳንንትና ሽማግሌ ሁሉ ምሳ ጠራ። ቀኑን ረቡዕ ብሎት ነበር፤ ጾም ነው ብዬ ለምኜ ወደ ሐሙስ አዛወርኩት። ከተጠሩት አንዱ ግራዝማች ደርሶ ናቸው።

ግራዝማች ከጋፋት ማዶ ገብስ የሚያርሱ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ለጣሊያን «የገቡ» ሰው ነበሩ። የገቡት ቀን ቀን ነው፤ የቀረውን ሰዓት ማንም አይጠይቃቸውም። ከሦስት ሳምንት በፊት ጋፋት ጥሻው አጠገብ አንድ የጣሊያን መኪና ከነሰዎቹ ቀልጦ ቀርቷል። ማን እንዳስቀረው ካፒቴኑ አጥብቆ ይጠይቃል፤ እኛም አጥብቀን አናውቅም።

ምሳው ቀረበ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሸክላው ተደረገ። አንድ የሮም ዘፋኝ ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ አለ፤ ከዚያ ከፍ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ጣራው የሚነሣ እስኪመስለን ጮኸ። ግራዝማች መብላታቸውን ትተው ጆሯቸውን አቀኑ።

«ማንን ገደልኩ ነው የሚለው?» አሉኝ ወደ እኔ ዘንበል ብለው።

«የገደለው የለም ግራዝማች። ሴት ጥላው ሄዳ ነው።»

«ለሴት እንዲህ የሚጮህ ወንድ የለም። ደብቀኸኝ ነው።»

እንግዲህ ያገራችንን ወግ ታውቃላችሁ። አንድ ወንድ ፊት ለፊት ሲፎክር፣ የጀግንነት ሥራ ያለው ሌላ ወንድ ቁጭ ብሎ ካዳመጠ አለቀለት፤ ሚስቱም አታከብረው፣ በሬውም አይታዘዘው። ዘፋኙ ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ግራዝማች ጋቢያቸውን ጥለው ብድግ አሉ። ቢጎትቷቸውም አልተቀመጡም።

«ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
የጋፋት ጥሻ ያጎረሰው፣
ሁለቱን ከነመኪናቸው የደመሰሰው፣
ሦስተኛውን ፊት ለፊት ጠብቆ አፈር ያቀመሰው!»

እንዲህ እያሉ ሦስት ጣት አውጥተው ሣጥኑ ፊት ተንጎራደዱ። አጠገቤ የነበረው ቀኛዝማች የጎረሰውን ማላመጥ ረሳ። ግራዝማች ካሉት ሁሉ ለካፒቴኑ አንዲት ቃል ገብታዋለች፤ ጋፋት። ቁልፍ ሲነካካ የነበረው ጣቱ ቆመ።

«ስለ ጋፋት ምንድነው የሚለው?» አለኝ።

እውነቱን ብናገር ሽማግሌው በማግሥቱ ይሰቀላሉ፤ ዋሽቼ ብያዝ እኔም አብሬ እሰቀላለሁ። አጥንት የሌለው ምላስ አጥንት ይሰብራል ይባላል፤ የእኔ ምላስ ግን ያን ዕለት በራሱ ፈቃድ ነው የሄደው።

«ጋፋት ድሮ ለንጉሥ መድፍ የተሠራበት ቦታ ነው» አልኩት። «ያ መድፍ እንኳ እንደዚህ ሣጥን አልጮኸም ነው የሚሉት። የዘፋኙ ድምፅ አሸዋና ኖራው የተመጣጠነ ነው ይላሉ።»

«ሦስት ጣት ያወጣውስ?»

«ሦስት ወር ሙሉ ቢሰሙት አይጠግቡም።»

ካፒቴኑ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ተነሥቶ የግራዝማችን እጅ ጨበጠ። ቀጥሎም ያላሰብኩትን ነገር አመጣ፤ ባዶ ሸክላ አውጥቶ መርፌዋን አስተካከለና «ይድገመው» አለኝ። ነገርኳቸው። ግራዝማች ሁለተኛ መለመን አላስፈለጋቸውም።

በገበያው ቀን ካፒቴኑ የሣጥኑን ሽቦ አስረዝሞ ትልቅ ማጉያ ገበያው ላይ አስተከለ። መጀመሪያ የሮሙን ዘፋኝ አሰማ፤ ሰው ሽንኩርቱን ሲመርጥ ዋለ። ቀጥሎ ግራዝማች «ዘራፍ!» አሉ። በግ የያዘው በጉን ለቀቀ። አንዲት ሴት እልልታ ጀምራ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ መልሳ ዋጠችው። ያ ሁሉ ሕዝብ እህል እህል እየሸተተ ቀጥ ብሎ ቆሞ አዳመጠ። ካፒቴኑ ከበረንዳው ላይ ይህን አይቶ «ጥራቱን ወደዱት» አለኝ። በጣም አልኩት።

እኔ እቤቴ ገብቼ ሞቴን ጠበቅኩ። ደብረ ታቦር ውስጥ ጆሮ ጠቢ እንደ ገብስ የበዛበት ጊዜ ነበር። ግን አንድም ሰው አልተናገረም። ቆይቼ ምክንያቱ ገባኝ። በሹክሹክታ የተነገረ ነገር ቢሆን በሦስተኛው ቀን ካፒቴኑ ጆሮ በደረሰ፤ ሹክሹክታ ወስዶ ማቅረብ ያስመሰግናላ። አገር በሙሉ በማጉያ የሰማውን ነገር ወስዶ ማን ምን ያገኝበታል? «እስከዛሬ የት ነበርክ?» ቢባልስ? ምሳው ላይ የነበረው ቀኛዝማች ቢናገር ያን ዕለት ለምን ዝም አልክ ይባላል። እና ሁሉም ያውቃል፤ ባለ ሣጥኑ ብቻ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይኸው ነው።

ተረፍኩ ስል ግራዝማች ዱላቸውን ይዘው ጦር ሰፈሩ በር ላይ ቆሙ።

«እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል?» አሉኝ በቁጣ። «ድምፄን አቅጥኖ ጉንፋን የያዛት ባልቴት አስመሰለኝ። ደግሞ ሦስተኛውን ውጦብኛል! ሸክላው ሁለተኛው ላይ አለቀ። ገበያተኛው ሁሉ ሁለት ብቻ ነው እንዴ እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ። ንገርልኝ!»

«በእመቤታችን ይዤዎታለሁ ግራዝማች፣ ይተዉት።»

«አልተውም። ሰውየው ባለሙያ ነው፤ ያስተካክለው።»

ካፒቴኑ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። ሽማግሌው በድምፁ ጥራት ቅር ብሏቸዋል አልኩት፤ በሕይወቴ ለእሱ የተረጎምኩት ብቸኛ እውነት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ካፒቴኑ ይቆጣል ስል በደስታ ዘለለ። በዚህ ተራራ ላይ ጆሮ ያለው ሰው አገኘ! እጃቸውን ይዞ አስገባቸው፤ አንዱ ቁልፍ ወፍራሙን ድምፅ፣ አንዱ ቀጭኑን እንደሚያወጣ አሳያቸው። ሁለቱ ሣጥኑ ላይ ተደፍተው፣ አንዱ «ቤኔ?»፣ ደህና ነው ወይ፣ ሲል ሌላው «ወፍራሙን ጨምርበት» ሲሉ፣ መሀላቸው ቆሜ በላብ ረጠብኩ። አዲስ ሸክላ ተቀረጸ። ግራዝማች አሁን ከሦስተኛው ጀመሩ፤ የወደቀበትን ጉብታም ጨመሩበት። ካፒቴኑ በእርሳስ እየመታ ራሱን ይነቀንቃል። ሰውየውን የጠላሁት በሰቀላቸው ሰዎች ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን አዘንኩለት፤ አልዋሻችሁም።

ሁለተኛው ሸክላ ገበያ ላይ በዋለ ማግሥት ጣሊያን የቀጠራቸው የአስካሪ ወታደሮች አለቃ፣ አማርኛ እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው፣ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ያችን የጋፋቷን ሸክላ ሰምቻታለሁ አለኝ። በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ሲያጫውት ማጉያውን ትንሽ ወደ እኛ ካምፕ ያዙርልን፤ በደንብ አይሰማም» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያስ? ከዚያማ ጣሊያን ወጣ። ካፒቴኑ ተማርኮ ሲሄድ ያችን ሁለተኛዋን ሸክላ በጨርቅ ጠቅልሎ ለግራዝማች ሰጣቸው፤ ለወዳጁ። እኔን ደግሞ አርበኞቹ ያዙኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ሸንጎ ተቀመጠ፤ ይህ የጣሊያን ምላስ ነው፤ ይሰቀል ተባለ። የግራዝማችን ነፍስ በትርጉም አድኛለሁ፤ ሸክላዋ ምስክሬ ናት፤ ያ ፉከራ ተቀርጾባት እሳቸው አልተሰቀሉም አልኩ። ይሁን፣ ትሰማ አሉ። ሸክላዋ መጣች፤ ሣጥኑ ግን የለም። ሁሉን በአንድ የያዘው ሣጥን በአንድ ቀን ተበታትኗል፤ ማጉያውን አንዱ፣ መርፌውን አንዱ ወስዶታል፤ እንጨቱ የአንዲት ባልቴት ምስር ማስቀመጫ ሆኗል። አንድ አርበኛ ሸክላዋን በጥፍሩ ጫረና ጆሮውን ደቅኖ «አይናገርም» አለ። ገመዱን አየሁት።

ያኔ ግራዝማች ደርሶ ጠብመንጃቸውን ተደግፈው ከመሀል ተነሡ።

«ይህ ልጅ» አሉ፣ «እኔ ያልኩትን አንዲት ቃል ሳያዛባ ለጣሊያኑ ነግሮልኛል። ጋፋት ስል ነጩ ፊቱ ሲለወጥ በዐይኔ አይቻለሁ። ፈርቶ እጄን ጨበጠ፤ እንባውም መጣ። ዳግመኛ ብሄድበት እየተንቀጠቀጠ ዕቃውን አስተካከለልኝ። እኔ የፎከርኩት በራሴ ቋንቋ ነው። ይህ ግን ጠላት ፊት ቆሞ በጠላት ቋንቋ ፎክሮበታል። ከኔ እሱ ይደፍራል።»

ለካ ሽማግሌው ያን ሁሉ ጊዜ ካፒቴኑ እያንዳንዷን ቃል የሰማ መስሏቸው ኖሯል። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ገመዱን አየሁና ዘጋሁት። ሸንጎው አጨበጨበ። ከጫጫታው መሀል ግን አንድ ሰው ጮኸ፦ «እስቲ ለጣሊያኑ እንዳልከው በጣሊያንኛ በልልን!»

ምን ልበል? ተነሣሁ። ጋቢዬን ጣልኩ። ሦስት ጣት አወጣሁና ካለኝ ጣሊያንኛ ሁሉ የማውቃትን፣ ሦስት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ ውሃ ጨምር፣ በደንብ አማስል አንተ ደደብ የምትለውን በግንበኛው ቋንቋ እየተንጎራደድኩ ፎከርኩባት። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ አርበኛ ጥይት ተኮሰ። አንድ ሽማግሌ አለቀሱ።

ሸንጎው ሲበተን ግራዝማች እጄን ያዙኝ።

«ያኔ እንኳ አጠር ያለች ነበረች» አሉኝ። «ዛሬ ወፍራሙን ጨምረህባታል።»