ብርሌ የገፋች ጉበት

ሰው ለውስጥ ዕቃው እንኳ ማዳላት ይወዳል። የሚወዳትን «ሆዴ» ይላታል፣ ሲብስበት «አንጀቴ»፤ ደፋሩን «ልበ ሙሉ» ይለዋል። ጉበትን ማን አስታወሳት? በጥሬው፣ በሚጥሚጣ ካልሆነ ስሟን የሚያነሳ የለም። እኔ ግን ሚስት ያገኘሁት በጉበቴ ነው። አትሳቁ፣ ስሙኝማ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ሀዋሳ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ የሚኖሩት ጡረተኛው አቶ ወልዴ፣ ልጃቸውን ሰብለን ለመጠየቅ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች «እስቲ ልጁን በዓይኔ ልየው» ብለው መለሷቸው። ፈነደቅሁ! ችግሩ፣ በዚያው ሳምንት አሜባ ይዞኝ ክኒን ጀምሬያለሁ። የክሊኒኩ ድሬሰር ደግሞ አስጠንቅቆኛል፦ «ክኒኑን ሰባብራ የምታስወጣው ጉበትህ ናት። እሱን ሳትጨርስ መጠጥ ከጨመርክባት ፊትህ ይቀላል፣ ልብህ ይደልቃል፣ ያስመልስሃል። ክኒኑ ካለቀ በኋላም ሦስት ቀን ታገሳት።» ጉበቴ እንደ ቀበሌ ሱቅ ሆነች ማለት ነው፤ ወረፋ ካልጠበቁ አታስተናግድም።

ልታይ ቤታቸው በሄድኩ ቀን አቶ ወልዴ ብርሌውን ጠጅ ሞልተው ዘረጉልኝ። በትሕትና ገፋሁት። ያኔ ጠጅ የሚገፋ ጎረምሳ ጴንጤ ነው ይባላል፤ ጴንጤ ደግሞ ጸሎት ቤቱ የታሸገበት፣ ራሱም የሚታሰርበት ጊዜ ነው።

«ጴንጤ ነህ እንዴ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እስር ቤት ስንቅ የምታመላልስ ልጅ የለችኝም።»

እንግዲህ በምወዳት ልጅ ፊት ስለ ተቅማጥ ላወራ ነው። «ኧረ አባቴ፣ አሜባ ይዞኝ ነው! ጉበቴ መድኃኒቱን ገና እየፈጨች ነው።» ሰብለ ጓዳው በር ላይ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

አቶ ወልዴ ብርሌውን ወደ ራሳቸው መለሱ። «እንግዲያው ጉበትህ ሥራዋን ስትጨርስ ና። ጠጥተህ ልጄን ትወስዳለህ።»

ጨረሰች! ክኒኑ ካለቀ በኋላ ሦስቱን ቀን ታግሼ ሄድኩና ሁለት ብርሌ ጠጅ ጨለጥኩ። ፊቴም አልቀላ። ሰብለን ዳሩልኝ።

ከሠርጉ በኋላ ሀይቁ ዳር ስንንሸራሸር ሰብለ ግራ ቀኙን ቃኝታ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «እኔም ጴንጤ ነኝ» አለችኝ። «አንተ ግን ጎበዝ ነህ! ያን የአሜባ ሰበብ ከየት አመጣኸው? በኋላ ለኔ ስትል የጠጣኸውንም ጌታ ይቅር ይልሃል።»

ምዬ ተገዝቼ እውነቱን ነገርኳት። ድሬሰሩን ጠቀስኩ፣ የክኒኑን ባዶ ብልቃጥ አሳየኋት። ሳቋ አልቆም አለ። «ጎሽ! ለሰው ሁሉ እንዲሁ በል።»

ጉበቴ ያን መድኃኒት ከጨረሰች ስንት ዘመን አለፈ። መንግሥትም ተለወጠ፣ ጸሎት ቤቱም ተከፈተ። ሰብለ ግን ዛሬም ሠርግ ቤት ጠጅ ሲዞር በክርኗ ጎሸም ታደርገኝና «ክኒን ላይ ነህ» ትለኛለች።

«እሺ፣ ጉበቴ» እላታለሁ።